ካሜራው ማንን እያየ ነው? በተቀረጸ የእምነት ቃል ላይ ሲፈርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ተጠርጣሪ ምርመራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት» ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ ካየን በኋላ ክርክሩ ያበቃ ይመስለናል። ሰውየው በገዛ አፉ አምኗል። በዓይናችን አይተናል፣ በጆሯችን ሰምተናል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የፖሊስ ምርመራ በቪዲዮ መቀረጹን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ችግሩ ያለው ቀረጻው በሚነሳበትና በሚታይበት መንገድ ላይ ነው። ዳኛም ይሁኑ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛም ይሁኑ ወይም ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የወንጀል ዘገባ የሚያይ ሰው፣ የሚያሳስቱት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ካሜራ አይዋሽም» ብሎ መጀመር

ካሜራ የሚያሳየው የተደገነበትን ብቻ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደገነው ተጠርጣሪው ላይ ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ቃሉን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ስለዚህ እሱ ይታይ።

ይህ ምንም የማይመስል ምርጫ ግን ፍርድን ያዛባል። በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ላሲተር ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቶታል። በ1986 ከአንዲት ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ለሙከራ የተዘጋጀ አንድ ምርመራ ከሦስት አቅጣጫ ተቀረጸ። አንዱ ቀረጻ ተጠርጣሪው ላይ አተኮረ። ሌላው መርማሪው ላይ አተኮረ። ሦስተኛው ሁለቱንም ከጎን እኩል አሳየ። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ነው። ተመልካቾች ግን የተለያየ ፍርድ ሰጡ። ተጠርጣሪውን ብቻ ያዩት ሰዎች «ብዙም አልተገደደም» አሉ። መርማሪውን ያዩት «በደንብ ተገዷል» አሉ። ሁለቱንም እኩል ያዩት መሀል ላይ ሆኑ።

ቆየት ብሎ በተሠሩ ጥናቶች ቃሉን በድምፅ ብቻ የሰሙና በጽሑፍ ያነበቡ ሰዎችም ተጨምረው ታዩ። የእነሱ ፍርድ ሁለቱን እኩል ካዩት ሰዎች ጋር ተቀራረበ። ከመስመር የወጣው ተጠርጣሪው ላይ ብቻ ያተኮረው ቪዲዮ ነበር። ማለትም አዘውትረን የምንጠቀመው! በ2002 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ ነገሩ «ተገዷል ወይስ አልተገደደም» በሚለው ላይ እንደማይቆም አሳየ። በማስመሰያ ችሎት ላይ ካሜራው የቆመበት ቦታ ሲቀየር «ጥፋተኛ ነው» የሚሉት ሰዎችም ቁጥር ተቀየረ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ነገር የነገሩ ሁሉ መነሻ አድርጎ ይወስዳል። በ1975 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሼሊ ቴይለርና ሱዛን ፊስክ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠው እንዲያወሩ አደረጉ። ተመልካቾችን ደግሞ በዙሪያቸው በተለያየ ቦታ አስቀመጡ። የአንዱ ሰው ፊት በደንብ የሚታያቸው ተመልካቾች ወሬውን «የመራው» እሱ ነው አሉ። ወሬው ግን ለሁሉም አንድ ነበር። የምርመራ ቪዲዮም በዚሁ መንገድ ይሠራብናል። ተጠርጣሪውን ብቻ ስናይ ንግግሩ ከእሱ የመነጨ፣ ከራሱ ፈቃድ የወጣ ይመስለናል።

እስቲ ክፍሉን ጠጋ ብለን እንየው። ስክሪኑን የሞላው የአንድ ወጣት ፊት ነው። ከንፈሩን ይልሳል፣ ወደ ታች ያያል፣ ዝም ይላል። ከፍሬም ውጭ የሆነ ድምፅ «ሁሉንም እናውቃለን» ይላል። ከዚያ የወንበር መንሸራተት ይሰማል። መርማሪው ወንበሩን ስቦ ጉልበቱ ከልጁ ጉልበት ጋር እስኪነካካ ተጠግቷል። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በሩ የሚገኝበትን አቅጣጫ ጋርዷል። እኛ ግን ይህን አላየንም። ያየነው የወጣቱን ፊት ነው፤ ፊቱ ደግሞ ድንገት ተጨናነቀ። «አየህ፣ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው የተጨነቀው» እንላለን። ካሜራውን ወደ ጎን ብንወስደው ያስጨነቀውን ነገር በዓይናችን እናይ ነበር።

«እኔ በሥራዬ የማውቀው ነው፣ አልሸወድም» ማለት

ይሸወዳሉ። በ2007 የወጣ የላሲተርና የባልደረቦቹ ጥናት ዳኞችንና የፖሊስ መኮንኖችን ለይቶ ፈተነ። ዳኞች ማስረጃ ሲመዝኑ የኖሩ ናቸው። ፖሊሶቹም የምርመራ ክፍልን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለቱም እንደ ማንኛውም ተራ ተመልካች በካሜራው አቅጣጫ ተወሰዱ።

«ለካሜራው ማዕዘን ትኩረት አትስጡ» ብሎ ማሳሰብም ብዙ አይረዳም። ይህም ተሞክሯል። ተመልካቾች ማሳሰቢያውን ሰምተው፣ ገብቷቸውም፣ ፍርዳቸው ግን ወደ ያው ቦታ አዘነበለ። ችግሩ የሚጀምረው ዓይን የት ላይ እንደሚያርፍ ስለሆነ በኋላ በምክር የሚስተካከል አይደለም። ስለዚህ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» የሚል ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ሲያጋጥመኝ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ገለልተኛ መሆን ያለበት መጀመሪያ ቀረጻው ነው።

መጨረሻዋን ብቻ ማየት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? ብዙ የእምነት ቃል ቪዲዮዎች የሚጀምሩት ሥሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። ምርመራው ለሰዓታት ያለ ካሜራ ይካሄዳል። ተጠርጣሪው «እሺ» ካለ በኋላ ካሜራ ይበራና «አሁን የሆነውን ንገረን» ይባላል። ተመልካቹ የሚያየው የተረጋጋ፣ መልክ የያዘ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሰካ ታሪክ ነው።

የኒው ዮርኩ የሴንትራል ፓርክ ጉዳይ ለዚህ የሚጠቀሰው በምክንያት ነው። በሚያዝያ 1989 አንዲት ሴት በፓርኩ ውስጥ ስትሮጥ ተጠቅታ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ተገኘች። አምስት ልጆች ተከሰሱ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት ነበር። አራቱ በቪዲዮ ቃላቸውን ሰጡ። ከዚያ በፊት ያለፉት የጥያቄ ሰዓታት ግን አልተቀረጹም። ቪዲዮዎቹ በችሎት ታዩ። ልጆቹ ቦታውን፣ ሁኔታውን፣ ማን ምን እንዳደረገ ይናገሩ ነበር። የአንዱ ቃል ከሌላው ጋር የማይገጥምበት ብዙ ቦታ ነበር። የዲኤንኤ ምርመራውም ከአምስቱ ከአንዳቸውም ጋር አልተዛመደም። ይህ ሁሉ ሆኖ በ1990 ጥፋተኛ ተባሉ። በ2002 ማቲያስ ሬየስ የተባለ እስረኛ ወንጀሉን ብቻዬን ነው የፈጸምኩት ብሎ አመነ። ዲኤንኤውም የእሱ ሆነ። የአምስቱ ፍርድ ተሰረዘ። ከተማዋ በ2014 የ41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች።

ያ ሁሉ ቪዲዮ እያለ ስህተቱ አለመታየቱ ቢያስገርምም፣ ቪዲዮው ስህተቱ የተፈጠረበትን ሰዓት አልያዘም። ሊታይ አይችልም ነበር።

ባልተቀረጹት ሰዓታት ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? አንዳንድ ቦታ ውሸትም ሊኖር ይችላል፤ ያውም በሕግ የተፈቀደ። በአሜሪካ አንድ ተጠርጣሪ ዘመዱ አብሮት እንደተሳተፈ አምኗል ተብሎ በፖሊስ ተዋሸ። ዘመዱ ግን አላመነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ይህ ውሸት ብቻውን የእምነት ቃሉን ውድቅ አያደርገውም ሲል ወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ እንደሆነ ቪዲዮው ካላሳየን በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ቪዲዮ ሲቀርብልዎ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አለ?» አይሁን። «መቼ በራ? ሰውየው ስንት ሰዓት ላይ ወደ ክፍሉ ገባ? በመሀል ያለው ፋይል የት አለ?» ብለው ይጠይቁ።

«ንጹሕ ሰው ለምን ያምናል?» ብሎ መዝጋት

ጥያቄው ተገቢ ነው። ስህተቱ መልስ እንደሌለው አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ድሪዚንና ሪቻርድ ሊዮ በ2004 ሐሰት መሆናቸው የተረጋገጡ 125 የእምነት ቃሎችን ሰብስበው አጠኑ። የምርመራው ርዝመት በታወቀባቸው ጉዳዮች አማካዩ 16.3 ሰዓት ነበር። የተለመደ ምርመራ ከሁለት ሰዓት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ «አንተ ነህ» የተባለ፣ ያልተኛ፣ በተለይም ልጅ የሆነ ሰው «ይሄን ብል ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» ብሎ ያስባል። እውነቱ በኋላ ይወጣል የሚል ተስፋም አለው። ብዙውን ጊዜ አይወጣም።

የሚገርመው ንጽሕናው ራሱ ሰውን ለአደጋ ማጋለጡ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሳውል ካሲንና ረቤካ ኖርዊክ በ2004 ባደረጉት ሙከራ ንጹሕ ከሆኑት ተሳታፊዎች 81 በመቶው ዝም የማለት መብታቸውን ትተው ለመናገር ፈቀዱ። ለሙከራው «ጥፋተኛ» ከተደረጉት ግን የፈቀዱት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአብዛኞቹ ንጹሖች ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ዝርዝሩን እንደ ማረጋገጫ መውሰድ

«ይህን የሚያውቀው ወንጀለኛው ብቻ ነው።» ብዙ ሰው ይህ ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ እጁን ይሰጣል።

ብራንደን ጋሬት የተባሉ የሕግ ምሁር በዲኤንኤ ንጽሕናቸው የተረጋገጠላቸውን 40 ሰዎች የእምነት ቃል አጥንተው በ2010 አሳተሙ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ስለ ወንጀሉ ትክክለኛና ሰፊ ዝርዝር እንደሰጡ በፖሊስ ተነግሮባቸዋል። ያልነበሩበትን ቦታ በምን አወቁት? ሰዎቹ ንጹሕ ስለሆኑ ቀሪው መንገድ ሌላ ሰው ነግሯቸዋል የሚለው ነው። መርማሪው ሆን ብሎ ላያደርገው ይችላል። ጥያቄው ውስጥ መልሱ ይሾልካል፤ ፎቶ ያሳያል፤ ቦታው ድረስ ወስዶ ይመልሰዋል።

አንድ ምሳሌ ልፍጠር።

— በየት በኩል ገባህ?
— በበሩ።
— እርግጠኛ ነህ? በሩ እኮ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።
— እ... በመስኮት።
— በየትኛው? በኋላ በኩል ያለው ነው የተሰበረው።
— አዎ፣ በእሱ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ዋናው ቀረጻ ሲበራ፣ ይኸው ሰው «በኋላ በኩል ያለውን መስኮት ሰብሬ ገባሁ» ይላል። ፋታ የለው፣ መንተባተብ የለው። ያንን የመጀመሪያ ልውውጥ ያላየ ተመልካች ምን ይበል?

እዚህ ላይ ሙሉ ቀረጻ ዋጋው ይታያል። ማን ምን ቀድሞ ተናገረ የሚለውን ወደኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። የሚያይ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ። እያንዳንዱ ቁልፍ ዝርዝር መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ይጻፍ። ከተጠርጣሪው ቀድሞ የወጣና በኋላ በሌላ ማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ካለ ክብደት አለው። ፖሊስ የማያውቀውን ነገር ቢናገርና ቢገኝ፣ ለምሳሌ የተጣለ ዕቃ ያለበትን ቦታ ቢያሳይ፣ ያ የዋዛ ማስረጃ አይደለም። ከመርማሪው ቀድሞ የወጣው ግን ስለ ተጠርጣሪው ምንም አይነግረንም።

ፊቱን አንብቤ እለየዋለሁ ማለት

ካሲን ከክርስቲያን ማይስነርና ከኖርዊክ ጋር በ2005 ባወጣው ጥናት እስረኞች በቪዲዮ የእምነት ቃል ሰጡ። አንዳንዱ በእርግጥ ስለፈጸመው ወንጀል ተናገረ። አንዳንዱ ሌላ ሰው ስለፈጸመው ወንጀል ፈጥሮ ተናገረ። ከዚያ ተማሪዎችና መርማሪ ፖሊሶች እውነቱን ከሐሰቱ እንዲለዩ ተጠየቁ። ተማሪዎቹ ከፖሊሶቹ የተሻሉ ሆኑ። በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ግን ፖሊሶቹ ነበሩ። ሌላም ነገር ታየ። ድምፁን ብቻ የሰሙት ቪዲዮውን ካዩት በተሻለ ለይተዋል።

ማልቀስ፣ ዓይን መስበር፣ እጅ ማፍተልተል ስለ ጥፋተኝነት የሚሉት ነገር የለም። ንጹሕ ሰው ክፉኛ ይደነግጣል፤ ጥፋተኛውም ደንዝዞ ሊቀመጥ ይችላል። ምክሬ አጭር ነው። ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ምስሉን አጥፍተው አንዴ በድምፅ ብቻ ይስሙት።

«ተገዷል፣ ግን...» ማለት

ይህ ስውር ስለሆነ ብዙ ሰው አይነቃበትም። ካሲንና ሆሊ ሱከል በ1997 ተሳታፊዎች የአንድ የግድያ ችሎት መዝገብ እንዲያነቡ አደረጉ። በአንዱ መዝገብ ውስጥ የእምነት ቃሉ በከባድ ጫና የተገኘ ነበር። አንባቢዎቹ ጫናውን አይተዋል። «በፈቃዱ አይደለም፣ እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም» አሉ። ጥፋተኛ ያሉት ሰዎች ቁጥር ግን የእምነት ቃል ከሌለበት መዝገብ ይልቅ ከፍ አለ።

አንዴ የተሰማ «አዎ» ከአእምሮ አይፋቅም። ስለዚህ የእምነት ቃል ተቀባይ መሆን አለመሆኑን የሚወስነውና ጥፋተኝነትን የሚወስነው አካል የተለያዩ ቢሆኑ ይመረጣል። በተራ ተመልካችነት ግን ይህን ማድረግ አንችልም። ቢያንስ ቀሪውን ማስረጃ ከቪዲዮው በፊት ማየት እንችላለን።

ሰውየው ማን እንደሆነ ምንም ለውጥ አያመጣም ብሎ ማሰብ

በ2010 ጄኒፈር ራትክሊፍና ባልደረቦቿ ሁለቱን ሰዎች እኩል የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ለነጭ አሜሪካውያን አሳዩ። መርማሪው ነጭ ነበር። ተጠርጣሪው ነጭ ካልሆነ ቃሉን ይበልጥ በፈቃዱ እንደሰጠ፣ ጥፋተኛም እንደሆነ ፈረዱበት። ለተመልካቹ «ለየት ያለው» ሰው ዓይን ይስባል። ካሜራው እኩል ቢያሳይም ዓይናችን እኩል አያይም ማለት ነው። ለዚህ ቀላል መድኃኒት አላውቅም። እያወቁ ማየት ግን ሳያውቁ ከማየት ይሻላል።

«እንዲህ ከሆነ ካሜራው ይቅር» ማለት

ይህን ሁሉ ሰምቶ እዚህ ላይ የሚደርስ ሰው አለ። ትልቅ ስህተት ነው። ካሜራ በሌለበት የሚቀረን የመርማሪው ቃልና የተጠርጣሪው ቃል ብቻ ነው፤ የዚያ ውጤት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል።

ፖሊሶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ስጋት «ካሜራ ካዩ አፋቸውን ይዘጋሉ» የሚል ነው። ካሲንና ባልደረቦቹ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ እውነተኛ ተጠርጣሪዎች ላይ ሞክረውት በ2019 አሳትመዋል። ገሚሶቹ እየተቀረጹ መሆኑ በዕጣ ተነገራቸው፣ ገሚሶቹ አልተነገራቸውም። የተነገራቸውም እንደሌሎቹ ተናገሩ፣ እንደሌሎቹም አመኑ። በመርማሪዎቹ በኩል ግን ለውጥ ታይቷል። በ2014 በወጣ ሌላ ሙከራ እየተቀረጹ መሆኑን ያወቁ ፖሊሶች የማስጨነቅና የማባበል ስልት መጠቀም ቀነሱ።

ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985፣ የሚኒሶታው በ1994 ቀረጻን ግዴታ አደረጉ። ኢሊኖይ በ2003 የግድያ ምርመራዎች እንዲቀረጹ በሕግ ደነገገች። ረቂቁን ከገፉት አንዱ በወቅቱ የግዛቲቱ ሴናተር የነበሩት ባራክ ኦባማ ናቸው። ስለ ካሜራው አቅጣጫ ቀድማ ያሰበችው ግን ኒውዚላንድ ናት። ፖሊሷ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ መርማሪውንና ተጠርጣሪውን ከጎን እኩል የሚያሳይ ቀረጻ ይጠቀማል።

አዲስ የምርመራ ክፍል የሚያዘጋጅ ካለ ሥራው ከባድ አይደለም። ካሜራው በጠረጴዛው ጎን በኩል ካለው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሁለቱም ሰዎች ከራስ እስከ ጉልበት በእኩል መጠን ይታዩ። ሦስተኛ ሰው ከገባ እሱም ፍሬሙ ውስጥ ይሁን። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ይነበብ። ቀረጻው በሩ ሲከፈት ይጀምር፣ ሰውየው ሲወጣ ያብቃ፤ ለሻይና ለሽንት ቤት ዕረፍት ተብሎ ካሜራው አይጥፋ።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ ልጠቁም። አሁን አሁን በመኮንኑ ደረት ላይ በሚለበስ ካሜራ የተቀረጸ ቃል እየበዛ ነው። ይህ ካሜራ ከተጠርጣሪው ላይ ዓይኑን አይነቅልም፤ የለበሰውን መኮንን ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ያንኑ ድርጊት በዚህ ካሜራ ያዩ ሰዎች በመኪና ላይ በተገጠመ ካሜራ ካዩት ይልቅ ድርጊቱን «ሆን ተብሎ የተደረገ» ማለት ይቀንሳሉ፤ ድርጊቱን የፈጸመው ካሜራውን የለበሰው ሰው ስለሆነና ስለማይታያቸው። ጠበቃ ከሆኑና የደረት ካሜራ ፋይል ብቻ ከተሰጠዎ በክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራ እንዳለ ይጠይቁ። ካለ፣ ፋይሉ ሳይሰረዝ በጽሑፍ ያመልክቱ።